ሰባቱ የጥቅምት ጠዋቶች

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለጋሼ ሽመክት፣
በርገን፣ ኖርዌይ

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ አስቸጋሪው ጆሮዎ እንዴት ነው? ልጅዎን ኑኃሚንንስ የሆስፒታል ሥራዋ እንዴት ይዟታል? እኛ ደህና ነን። እማዬ «ዘቢደር ስምዎን ሳታነሳ አንድ ቀን ጸልያ አታውቅም በይልኝ» ብላኛለች፤ ይኸው ብያለሁ። ስልክ ደውዬ ድምፅዎን ብሰማ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ባለፈው ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም «አልሰማሽም፣ ጻፊው!» ብለው ስለዘጉብኝ እንደ ድሮ ሰው ፖስታ ቤት ሄድኩ። የፖስታ ቤቷ ልጅ ቴምብር ፍለጋ መሳቢያ ስትገለብጥ ቆየች፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ካየች ብዙ ጊዜዋ ነው መሰለኝ።

ወሬዬን ልንገርዎ። «ለምን ይሆን?» የተባለው የሬዲዮ ዝግጅቴ አሥረኛ ዓመቱን ያዘ። ሲጀመር እኮ ረቡዕ ረቡዕ አምስት ደቂቃ ነበረች፤ ያውም በጠፋ መታወቂያና በእድር ማስታወቂያ መካከል ተሸጉጣ። አሁን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሙሉ ሰዓት ተሰጥቶኛል። ያኔ «ሳይንስ ደግሞ ማን ይሰማል?» ያሉኝ የጣቢያው ኃላፊ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ «ይቺ የኛዋ ናት» እያሉ ያስተዋውቁኛል።

ከዝግጅቱ ሁሉ የሚወደደው ክፍል የቱ እንደሆነ ቢገምቱ አያገኙትም። መክፈቻው ነው፤ ባለፈው ሳምንት የተሳሳትኩትን የምናገርበት። አንድ ቀን አዞ ምላስ የለውም ብዬ አረፍኩት። የአዞ እርባታው ሠራተኛ ደውለው «አለው እንጂ! ከታች መንጋጋው ጋር ስለተጣበቀ አያወጣውም እንጂ ምላስማ አለው። ካላመንሽ ነይ ላሳይሽ» አሉኝ። ሄድኩ፣ አየሁ፣ ቅዳሜ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሲቀላ ስወርድ የባጃጅ ሾፌሮቹ «እድልዬ፣ ዛሬስ ምን ተሳሳትሽ?» ይሉኛል። ይህን የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ሰሌዳ ላይ ሲሳሳቱ በዳስተር አያጠፉትም ነበር። ያከቡትና «ይህ የእኔ ስህተት ነው» ብለው ጽፈው ደወል እስኪደወል ይተዉት ነበር።

ስለ አዞ እንቁላል የጻፍኳት ትንሿ መጽሐፍ፣ የጎጆው ሙቀት ወንድና ሴቱን እንደሚወስን የምታስረዳዋ፣ ሦስተኛ ጊዜ ታተመች። የእንሰት በሽታውን ዝግጅት ደግሞ በጋሞኛም አቀረብነው። ከጨንቻ አንዲት እናት ደውለው «አሁን ቢላዋችንን በእሳት ሳንለበልብ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው አንሄድም፤ ጎረቤቱን ሁሉ አስለምጄዋለሁ» ሲሉኝ ማይክሮፎኑን ዘግቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ አይዘኑ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ገንዘብ አይደለም፣ አይደንግጡ! የአሥር ዓመት ሥራዬ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሊወጣ ነው። አዘጋጁ ሰሊሆም የሚባል ጠንቃቃ ሰው ነው፤ አንድ አዲስ ምዕራፍ ጨምሪ ብሎኛል። እኔም ስለ እርስዎ ልጽፍ ወሰንኩ። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ኤርጫፎ ሲሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ እናቴ ናት። ጥያቄ መጠየቅ ያስተማሩኝ ግን የአባቴ እህት የጌጤ ባል፣ ከደብረ ማርቆስ ሊያስተምሩ መጥተው እዚሁ የቀሩት የፊዚክስ መምህር ሽመክት ናቸው። እኒህ ሰው ከ1979 እስከ 1994 ዓ.ም. በየጠዋቱ እየወረዱ፣ ማንም ሳያዛቸውና ማንም ሳይከፍላቸው፣ የአባያ ሐይቅን ውሃ ከፍታ ለክተዋል።» የምዕራፉ ርእስ «አባያን የለኩት መምህር» ነው። ደብተሮቹ ያሉበት የቆርቆሮ ሳጥን እማዬ ቤት እንዳለ አለ። ልክፈተው?

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።
ልጅዎ እድላዊት ኤርጫፎ


በርገን
ነሐሴ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለእድላዊት፤

የእግዚአብሔር ሰላም እንደ አርባው ምንጭ ሳይነጥፍ በደጅሽ ይፍሰስ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ኑኃሚንም ደህና ናት። እዚህ አገር ዝናቡ የሚያባራበትን ቀን የሚያውቅ የለም። መስኮቴ ላይ ጣሳ አስቀምጬ እለካለሁ። ኑኃሚን «አባዬ፣ መንግሥት ይለካዋል እኮ» ትለኛለች። ይለካ! እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ቁጥር አላምንም።

ሳጥኑን ክፈቺው! ምን ትጠይቂኛለሽ? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በአራተኛው ኑኃሚን ነጥቃኝ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። አክስትሽ ጌጤ ይህን ሳታይ መሞቷ ቆጨኝ። እሷ ነበረች «ይህን ብረት ከእኔ አስበልጠህ ትወደዋለህ» የምትለኝ።

ለምዕራፍሽ የሚሆን ልንገርሽ። መለኪያው ከወዳደቀ የውሃ ቧንቧ የተሠራ ብረት ነበር። ከተማሪዎቼ ጋር በሲሚንቶ አቆምነው፤ በነጭና በቀይ ቀለም ሳንቲሜትር በሳንቲሜትር ሸነሸንነው። ከሲቀላ በብስክሌት እወርዳለሁ፤ መንገዱ የሚብስበት ቦታ ብስክሌቱ እኔን ሳይሆን እኔ ብስክሌቱን እሸከመዋለሁ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን አነባለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «መምህር፣ ሐይቁ ዛሬ ትምህርት ቤት መጥቷል፣ ስም ጥሩ!» ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጉማሬ መንገድ ዘግቶብኝ ሁለት ሰዓት ዛፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰዓቱን በማሳለፌ ደብተሩ ላይ ምክንያቱን ጽፌአለሁ፤ ፈልጊው።

አሥራ አንድ ደብተር፣ አሥራ አምስት ዓመት፣ አንድም ባዶ መስመር የለውም። ይህን ጻፊ። በወፍራም ፊደል ጻፊው። ነገር ግን እኔ ነኝ ብለሽ ዝም ብለሽ አትለፊ፤ እንደማንኛውም ሰው መርምሪኝ። የእኔ ተማሪ እንደዚያ ነው የምትሠራው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሐበሻው ሲሰበሰብ ስምሽን ሳላነሳ አልመለስም። «የኔ ልጅ ጋዜጠኛ ናት፤ የፖለቲካ አይደለችም፣ የሳይንስ!» እላቸዋለሁ። ኑኃሚን «አባዬ፣ ሰው ሰለቸ» ትለኛለች። ይሰልች! ጎረቤቴ አንድ ሽማግሌ ኖርዌያዊ አለ፤ በእጅ ምልክት አስረድቼው እሱም ኮርቷል። መጽሐፉ ሲወጣ ሃያ ቅጂ ላኪልኝ። ለማን እንደምሰጥ ስም ዝርዝሩን ከአሁኑ ጀምሬአለሁ።

ዘቢደርን ሳሚልኝ። የአባያ ውሃ አሁን የት ደርሶ ይሆን? እሱንም ጻፊልኝ።

አባትሽ ሽመክት


አርባ ምንጭ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለጋሼ ሽመክት፤

መድኃኔዓለም ባሉበት ይጠብቅዎ። የጠየቁኝን ላስቀድም፦ አባያ ሞልቷል። ድሮ ብስክሌትዎን የሚያቆሙበት የነበረው ቦታ ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ብረቱም አይታይም። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ላይ ሆነው «እዚህ ጋ ነበር» ብለው አሳዩኝ።

ደብተሮቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። የጉማሬውን ቀን አገኘሁት! «በጉማሬ ምክንያት በ2፡40 ተነበበ» ይላል፤ ብቻዬን ሳቅኩ። ለአንድ ወጣት የውሃ ተመራማሪ አሳየሁት፤ አሥራ አንዱን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ስዘረግፈው ከወንበሩ ተነሣ። ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ እያስገባ ነው። «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ከተማ ኖሮ ማንም አያውቅም?» አለኝ። «አሁን ያውቃል» አልኩት። ጋሼ፣ ያን ዕለት ከሴቻ እስከ ሲቀላ በእግሬ ወረድኩ፤ መሬት አልረገጥኩም ብል ይሻላል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ ስጽፍ ልማዴ በአንድ ቀን መጀመር ነው፤ አንድ የማውቀውን ቀን መርጬ ከዚያ እነሳለሁ። ለዚህ ምዕራፍ የአባቴን ሳምንት መረጥኩ። ያኔ በምንኖርበት በጨንቻ እኛ ስናለቅስ አባያ ታች ምን ይሠራ እንደነበር ማየት አማረኝ። ጥቅምት 11 ቀን 1988 ጠዋት 184 ሳንቲሜትር ይላል። የዚያን ዕለት ከሰዓት አባቴ ዐረፈ፤ እርስዎና አክስቴ ጌጤ መርዶውን ሰምታችሁ ወዲያው መጣችሁ። ከዚያ በ12 ቀን 185፣ በ13 ደግሞ 186 እያለ እስከ 18 ቀን 191 ይደርሳል። በ19 ጠዋት 192 ነው።

እማዬን ጠየቅኳት። ከሰልስት በኋላ ዝናቡ የጨንቻን መንገድ ቆርጦት እናንተ የወረዳችሁት በ18 ከሰዓት ነው አለችኝ። እኔም ትንሽ ትንሽ ትዝ ይለኛል። እንግዲያው እነዚያን ሰባት ጠዋቶች የለካልዎ ሌላ ሰው መሆን አለበት። ማን ነበር? ስሙን ይንገሩኝ፤ መጽሐፉ ላይ ሊመሰገን ይገባዋል። ውሃው ደግሞ በየቀኑ አንድ አንድ ሳንቲሜትር ብቻ፣ ሳይበልጥ ሳያንስ መጨመሩ ትንሽ ገርሞኛል።

መልስዎን እጠብቃለሁ። ሰሊሆም የመጨረሻውን ጽሑፍ በግንቦት ይፈልገዋል።

ልጅዎ እድላዊት


በርገን
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እድላዊት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እንኳን ለገናና ለጥምቀት በሰላም አደረሰሽ። መልሴ የዘገየው ጉንፋን ይዞኝ ስለነበረ ነው። በረዶው ለመውጣትም አይመች።

ስለጠየቅሽው ጉዳይ፣ አንድ ሰይፈሥላሴ የሚባል ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። እሱን አስለክቼ ይሆናል። ጊዜው ስለራቀ በደንብ አላስታውስም። ያን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም፤ እለፊው። በአንድ ቀን መጀመር ካለብሽ ደግሞ ሌላ ቀን ምረጪ፤ የጉማሬው ቀን ለአንባቢ ይጥማል።

ሃያው ቅጂ አይቸኩልም። ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢ።

ሽመክት


አርባ ምንጭ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለጋሼ ሽመክት፤

እግዜር ይማርዎ፤ ጉንፋኑ ለቀቀዎት? ዝንጅብል በማር እንዳይረሱ ብላለች እማዬ።

ጋሼ፣ ሥራዬ መጠየቅ ስለሆነ ሰይፈሥላሴን ፈለግኩት። አላስቸገረኝም፤ ሲቀላ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ስምዎን ስጠራለት ቆርቆሮ የሚያወጣጡትን ሠራተኞች አስቁሞ ወንበር አመጣልኝ። ጉዳዩን ነገርኩት። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ «አዎ፣ እኔ ነኝ የለካሁት» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ማስታወሻዬን አወጣሁ። «በየትኛው ዓመት ነበር የተማርክባቸው?» ስለው «በዘጠና ዓ.ም. ነው ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት» አለ። «ይህ ግን የሆነው በሰማንያ ስምንት ነው» አልኩት። ጭንቅላቱን አከከ። «ያኔማ ጊዶሌ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ» አለና ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚ እህቴ፣ መምህር ለካ ካሉ ለካሁ ማለት ነው። ምን ብዬ እንድናገር ነው የምትፈልጊው? እሱኑ ንገሪኝ፣ ሬዲዮም ላይ ቢሆን እመጣለሁ» አለኝ።

ጋሼ፣ በእሱ አልተናደድኩም። እንዲያውም እንዲህ የሚወዱዎት ሰዎች መኖራቸው አኮራኝ። ግን ማስታወሻዬን ምንም ሳልጽፍበት ዘግቼ ተነሣሁ።

እማዬም እንደ እሱ ናት። «ሰባት ቀን ምንድን ናት? ጻፊና እለፊ። ሰውዬው አባት ሆኖሻል። ማን ተጎዳ?» አለችኝ። እውነትም የተጎዳ ሰው አላገኘሁም። ሆኖም በየቅዳሜው ሰው ፊት ቆሜ «ተሳስቼ ነበር» የምል ሰው ነኝ። አዞ ምላስ አለው ለማለት አላፈርኩም። የማውቀውን ነገር እንዳላወቅሁ ሆኜ ካተምኩ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ብዬ ነው የምከፍተው?

አንድ ነገር ይወቁልኝ። አሥራ አንዱንም ደብተር መስመር በመስመር ደግሜ ፈትሻለሁ። ሌላው ሁሉ እንደ ውሃ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይቆማል። እንደነዚያ ሰባት ቀናት የተስተካከለ ቦታ የትም የለም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፤ እሱንም እያከበርኩዎት እጠይቃለሁ። እነዚያን ሰባት ቁጥሮች ያየ ሰው አለ?

ልጅዎ እድላዊት


በርገን
መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእድላዊት ኤርጫፎ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ምዕራፉን አውጪው። ደብተሮቹን ወደ ሳጥናቸው መልሺ፤ ያንንም ልጅ ኮምፒውተሩን ይዝጋ በይው።

ከአምስት ሺህ በላይ ጠዋት ወርጃለሁ። በወባ እየተንቀጠቀጥኩ ወርጃለሁ። የሰባት ቀን ነገር የዚህን ሁሉ ዓመት ሥራ የሚበላው ከሆነ ይብላው። ተማሪዎቼ ዘንድ መሄድሽ ግን አልተገባም ነበር። ሰይፈሥላሴ አሁን ስለ እኔ ምን ያስብ ይሆን?

ኑኃሚን ስለዚህ ነገር አታውቅም፤ አትንገሪያት። እኔም ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ስለ መጽሐፉ አላወራም።

ሽመክት


አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት ለጋሼ ሽመክት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ደብዳቤዎን በስቅለት ዋዜማ ነው ያገኘሁት፤ በዓሉንም እንደ ጾም አሳለፍኩት።

እታዘዝዎታለሁ። ምዕራፉ የእርስዎ ሕይወት ነው፤ አውጪ ካሉኝ አወጣለሁ። ለሰሊሆምም ቦታው ባዶ ሊቀር እንደሚችል ነግሬዋለሁ፤ ምክንያቱን አልነገርኩትም። ተመራማሪው ግን ሥራውን ጀምሯል፤ እነዚያን ሰባት ቁጥሮች እንዲያወጣቸው ልነግረው ግድ ነው። ለምን ቢለኝ «አልተለኩም» ከማለት ሌላ አልጨምርም። ይህን ካንተ መደበቅ አልፈልግም ብዬ ነው የምጽፍልዎ። ይኸው ተሳሳትኩ፣ «ካንተ» አልኩ፤ ስቆጣ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። አላጠፋውም፤ ስህተቴ ነው።

ስለ ሰይፈሥላሴ አይጨነቁ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ «መምህርን ሰላም በይልኝ። በፈተና የሰጡኝን ዜሮ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፣ ይገባኝ ነበር በይልኝ» ብሎኛል።

አሁን ሰሊሆም ወይም ሬዲዮው ሳያስገድደኝ የማስበውን ልንገርዎ። በእርስዎ አፍሬ አይደለም ይህን ሁሉ የጠየቅኩት። ሰው ሁሉ እንዲያምንዎት ስለምፈልግ ነው። ከአምስት ሺህ በላይ ጠዋት በእውነት የወረደ ሰው ሰባቱን ቢናገር ሌላው ሁሉ እንደ አለት ይጸናል። ዝም ካለ ግን አንድ ቀን እንደ እኔ ያለ ጠያቂ ይመጣና ሁሉንም ይጠረጥራል። ያ ጠያቂ እንደ እኔ አይወድዎትም።

ደግሞም በእነዚያ ሰባት ጠዋቶች የት እንደነበሩ ለማወቅ ደብተር አያስፈልገኝም። እኔ ጋ ነበሩ።

ሰሊሆም እስከ ግንቦት መጨረሻ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ እንዳዘዙኝ አደርጋለሁ፤ አልወቅስዎትም።

የሁልጊዜ ተማሪዎ እድላዊት


በርገን
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምኮራብሽ ልጄ ለእድላዊት፤

እናትሽን የሰጠሽ፣ ለእኔም አንቺን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን። ይህን ደብዳቤ ኑኃሚን አንብባዋለች። ሁሉንም ነገርኳት። ፈራሁ፤ እሷ ግን «ይኸው ነው? እኔማ ምን ያህል ትልቅ ነገር መሰለኝ» አለችና እራት አቀረበች። ሁለት ወር ሙሉ እህል የዘጋብኝ ነገር እንዲህ በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

ማንም አላያቸውም። ሰይፈሥላሴ አልለካም፤ ማንም አልለካም። በ18 ከሰዓት ከጨንቻ ወረድን፤ በ19 ጠዋት ብረቱ ጋ ደረስኩ፤ 192 አነበብኩ። ደብተሩን ስገልጥ ሰባት ባዶ መስመር አፍጥጦ አየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዘጠኝ ዓመት አንድም አልዘለልኩም ነበር፤ ለሰው ሁሉ እየተናገርኩ ስኮራበት ኖሬአለሁ። ከ184 እስከ 192 ስምንት ሳንቲሜትር ነው፤ አካፈልኩት፤ ጻፍኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ያላያችሁትን አትጻፉ ብዬ አስተማርኩ። ይህን ስጽፍልሽ ጆሮዬ ድረስ እያፈርኩ ነው።

ባለፈው ነሐሴ «መርምሪኝ» ብዬ የጻፍኩልሽ እያወቅኩ ነው። ለምን እንደጻፍኩት ለራሴም አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ይህን ነገር የሚያገኝ ሰው ካለ አንቺ እንድትሆኚ ፈልጌ መሰለኝ። ስታገኚው ደግሞ ዋሸሁሽ፤ ከዚያም ተቆጣሁ። ይቅር በይኝ። ሰይፈሥላሴንም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ሳይለካ ስሙን አነሣሁት። ዜሮውን ግን አልመልስለትም፣ ይገባው ነበር።

አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር አርሜአለሁ። የእኔን ደብተር አርማ፣ እርማቷን በአክብሮት ጽፋ፣ አንድ መስመር እንኳ ሳትሸሽ የላከችልኝ አንዲት ተማሪ ብቻ ናት። ሬዲዮውም መጽሐፉም ሲወራ ኮርቻለሁ፤ እንደዚህኛው ግን ኮርቼ አላውቅም። እሑድ እሄዳለሁ፤ ቡና ሳይቀርብ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ይሰልቹ!

ምዕራፉ ይግባ። በመጽሐፉ ላይ ሰባቱን መስመሮች ባዶ አድርጊያቸው። «አንድም ባዶ መስመር የለውም» ያልኩትን ሰርዢው፤ ይህንንም ደብዳቤ እንዳለ አትሚው። ሃያው ቅጂ አርባ ይሁን።

የሐይቁን ቁጥር ልሰጥሽ አልችልም። በእነዚያ ሰባት ቀናት በዓይኔ ያየሁት ግን አለኝ። ያን ጊዜ አልጻፍኩትም፤ አሁን ልመዝግበው። ከፈለግሽ ከባዶዎቹ መስመሮች ሥር አስገቢው።

ጥቅምት 12። ቀብር። እድላዊት ምንም አልበላችም። ጌጤ ወተት ብትሰጣት ደፋችው።

ጥቅምት 13። ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶ ደጅ ተረፈ። ጀርባዬ ላይ ተኛች፤ እንዳትነቃ ብዬ ከሰዓቱን በሙሉ ሳልቀመጥ ቆምኩ።

ጥቅምት 14። ሰልስት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እጄን አለቀቀችም። እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም።

ጥቅምት 15። መንገዱ ተቆረጠ ተባለ። ስለ ብረቱ አሰብኩና ተናደድኩ። ሰው ሞቶ ስለ ብረት በማሰቤ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ።

ጥቅምት 16። ጠዋት ደመናው ተገለጠ። አዝያት ከቤቱ በላይ ያለውን ዳገት ወጣሁ። ሁለቱ ሐይቆች ታች ታዩ። ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና ተናገረች፦ «ጋሼ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ የሆነው ለምንድን ነው?» እንባዬ መጣ። «አፈሩ ይመስለኛል፤ ግን በደንብ አላውቅም» አልኳት። «ታዲያ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

ጥቅምት 17። ስትጠይቀኝ ዋለች። አሥራ አንድ ጥያቄ ቆጠርኩ፤ ለአራቱ መልስ ነበረኝ። ለጌጤ «ይቺ ልጅ አገር ታስጨንቃለች» አልኳት። ጌጤም ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጥቅምት 18። አላስታውስም። ባዶ ይሁን።

ሽመክት